በማኅተምና በዳይ የመልካም ምኞት ካርድ በእጅ መሥራት፦ ከወረቀት ምርጫ እስከ ፖስታ

በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ጥርት ብሎ የሚወጣው በመሣሪያ ብዛት ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ማኅተም፣ አንድ የቀለም ፓድና ከማኅተሙ ጋር የሚገጥም አንድ የብረት ቅርጽ መቁረጫ (ዳይ) ብቻ ያለው ሰው፣ መቼ ማተም፣ መቼ መቁረጥና መቼ ማጣበቅ እንዳለበት ካወቀ፣ መደርደሪያ ሙሉ ዕቃ ሰብስቦ በዘፈቀደ ከሚሠራ ሰው የበለጠ ያማረ ካርድ ይወጣለታል። የተበላሹ ካርዶችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ምክንያታቸው ተመሳሳይ መሆኑን ያስተውላል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ተነክቷል፣ ጽሑፉ ከተጣበቀ በኋላ ሊታተም ተሞክሯል፣ ወይም ወረቀቱ ለሥራው የማይሆን ነበር።

በዚህ መመሪያ አንድ ካርድ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንሠራለን። ካርዱ ነጭ መደብ ይኖረዋል፤ በመደቡ ላይ ታትመው፣ ቀለም ተቀብተውና በቅርጻቸው ተቆርጠው የተነባበሩ አበቦችና ቅጠሎች ይቀመጣሉ፤ ከአበቦቹ ሥር ደግሞ በጠቆረ ወረቀት ላይ በነጭ ጎላ ብሎ የተጻፈ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ጠባብ ቁራጭ ይኖራል። ይህን አንድ ካርድ በሚገባ የሠራ ሰው የልደት፣ የምስጋና ወይም የማጽናኛ ካርድ ለመሥራት የሚለውጠው ሥዕሉንና ቃሉን ብቻ ነው።

ማኅተሙና መቁረጫው

ማኅተሞች በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የጎማ ማኅተም ሲሆን በእንጨት ላይ ተጣብቆ ወይም ከጀርባው ስስ ስፖንጅ ተደርጎለት ይመጣል፤ ጥቃቅን መስመሮችን አጥርቶ ያትማል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሁለተኛው ፎቶፖሊመር ከሚባል ቁስ የሚሠራው ብርሃን አሳላፊ ማኅተም ነው። ይህኛው በራሱ ተለጣፊ ስለሆነ አክሪሊክ ብሎክ በሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ለጥፈው ያትሙበታል፣ ሲጨርሱም ልጠው ወደ ማስቀመጫው ይመልሱታል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በብሎኩ አሻግረው ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ የት እንደሚያርፍ ማየት ይችላሉና። አዲስ የፎቶፖሊመር ማኅተም ግን ከአመራረቱ የተረፈ፣ ቀለም የሚገፋ ስስ ቅሪት በገጹ ላይ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው ኅትመት ነጠብጣብ የሚበዛበት በዚህ የተነሣ ነው። ከመጠቀምዎ በፊት ገጹን በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹት፤ ከዚያም በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አትመው ይሞክሩት።

ዳይ የሚባለው ቅርጽ መቁረጫ በአንድ ጎኑ ከፍ ያለ ስለታም ጠርዝ ያለው፣ በሌላ ጎኑ ልሙጥ የሆነ ስስ ብረት ነው። በራሱ አይቆርጥም፤ ወረቀትና ዳይ አንድ ላይ በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል ተደርገው በማሽኑ ሁለት ሮለሮች መሐል ሲያልፉ፣ ግፊቱ ጠርዙን በወረቀቱ ውስጥ ያሳልፈዋል። እንደ ሲዚክስ ቢግ ሾት ያሉት ማሽኖች በእጅ እጀታ ይዞራሉ፤ እንደ ጀሚኒ ያሉት በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። የሰሌዳዎቹ አደራረብ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መግለጫ መከተል ግዴታ ነው። እጀታው በጣም ከከበደዎ አያስገድዱት፤ ድርድሩ ከሚገባው በላይ ወፍሯል ማለት ነው፣ በጉልበት ማዞር ደግሞ ማሽኑን ይሰብረዋል።

በዚህ ሥራ የሚመቸው ከማኅተሙ ጋር ተጣምሮ የተዘጋጀ ዳይ ነው። የታተመውን አበባ ዙሪያውን ተከትሎ ይቆርጠዋል፣ በሥዕሉ ጠርዝም ስስ ነጭ ድንበር ያስቀራል።

ቀለሙን ከሥራው ጋር ማዛመድ

ብዙ ሰው ለወረቀት ተጨንቆ ቀለሙን እንዳገኘ ይገዛል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ሥራ የሚያበላሸው ወይም የሚያድነው የማኅተም ቀለሙ ነው። ዳይ ኢንክ የሚባለው ቀለም ስሙ ከብረቱ መቁረጫ ጋር ቢመሳሰልም ከእርሱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ወደ ወረቀቱ የሚሰርግ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ብርሃን ሲበዛበት ግን እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም ነው። ፒግመንት ኢንክ በወረቀቱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ፣ ወፈር ያለና ቀስ ብሎ የሚደርቅ በመሆኑ በኋላ ለነጩ ጽሑፍ ለምንጠቀምበት በሙቀት ለሚቀልጥ ዱቄት ተስማሚ ነው። በሶልቬንት የተሠራው፣ ለምሳሌ ስቴዝኦን፣ እንደ ፕላስቲክ ባሉ ቀለም በማይመጥጡ ገጾች ላይ ጭምር ይይዛል።

ዋናው ጥያቄ በኋላ በምን ሊቀቡት ነው የሚለው ነው። በአልኮል ማርከር የሚቀቡ ከሆነ አልኮሉ የማያሟሟው ቀለም ያስፈልግዎታል፤ ሜሜንቶ የሚባለው ዳይ ኢንክ ለዚህ የታወቀ ነው። ስቴዝኦን ግን በአልኮል ማርከር ሲነካ ይፈሳል፣ ጥቁሩ መስመርም ወደ አበባው ቅጠል ይገባል። በውኃ ቀለም የሚቀቡ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሜሜንቶ በውኃ ይሟሟልና ከደረቀ በኋላ ውኃ የማይበግረውን እንደ ቨርሳፋይን ወይም አርካይቫል ያለ ቀለም ይምረጡ። በቀለም እርሳስ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ የትኛውም ቀለም ከደረቀ በኋላ ይስማማዋል። እኔም ለመጀመሪያው ካርድ የቀለም እርሳስን እመርጣለሁ፤ እጅን ያለማምዳል፣ ስሕተትንም ይታገሣል።

የካርዱ መሠረት

ለመሠረቱ በካሬ ሜትር ከ270 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ልሙጥ ነጭ ወረቀት ይውሰዱ። ከዚህ የሳሳ ወረቀት በላዩ የሚነባበረውን መሸከም ያቅተውና ካርዱ ሲቆም ይጎብጣል። ለሚቆረጡት አበቦች ግን 200 ግራም ገደማ የሆነው ይበቃል፤ ዳዩም በቀላሉ ይቆርጠዋል።

አንድ ኤፎር ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ረጅሙን ጎን መሐል ለመሐል በ14.85 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቆርጡት ሁለት የካርድ መሠረቶች ያገኛሉ። ከዚያ እያንዳንዱን 21 ሴንቲ ሜትር በሆነው ጎኑ 10.5 ላይ ቢያጥፉት ኤሲክስ (A6) የሚባለው መጠን ይወጣል፤ ይህም ሲሲክስ (C6) በሚባለው 11.4 በ16.2 ሴንቲ ሜትር ፖስታ ውስጥ በልኩ ይገባል።

አቆራረጡን በዚህ መንገድ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ በአብዛኛው ኤፎር ወረቀት ላይ አቅጣጫው ከረጅሙ ጎን ጋር ትይዩ ነው። እጥፋቱ ከቃጫዎቹ አቅጣጫ ጋር ሲሄድ ንጹሕ ይሆናል፤ አቋርጧቸው ሲሄድ ግን ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ በተለይ ባለ ቀለም ወረቀት ከሆነ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወረቀቱን የሚጠራጠሩት ከሆነ ሳያጥፉ በሁለቱም አቅጣጫ በእጅዎ ቀስ ብለው ያጉብጡት፤ ያለ ብዙ ትግል እሺ የሚልበት አቅጣጫ እጥፋቱ ሊውልበት የሚገባው ነው።

ከማጠፍዎ በፊት የእጥፋቱን መስመር ማስረግ ያስፈልጋል። ማስመሪያ በ10.5 ላይ አስቀምጠው ደነዝ ጫፍ ባለው መሣሪያ፣ ለምሳሌ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ወይም በአጥንት ማጠፊያ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በልኩ ተጭነው ይሳቡ። በአንዱ ገጽ ቦይ፣ በሌላው ገጽ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ወደ ካርዱ ውስጥ፣ ቦዩ ወደ ውጭ ሆኖ መታጠፍ አለበት። ብዙዎች በተቃራኒው ያጥፉታል፤ ከዚያም ካርዱ ለምን እንደማይከደን ይገረማሉ። እጥፋቱ ያረፈበት ወረቀት እንዳያብረቀርቅ በላዩ ላይ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አድርገው በአጥንት ማጠፊያው ይተኩሱት።

በመሠረቱ ፊት ላይ የሚለጠፈውን ነጭ መደብ 9.9 በ14.2 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ይተርፋል። ገና አያጣብቁት። መደቡ ላይ ማተም ወይም ማቅለም ቢያምርዎ ተሳስተው የሚጥሉት ይህን አንድ ቁራጭ እንጂ ሙሉ ካርዱን አይሆንም።

ማተም

ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ግልጽ ማኅተሙን በብሎኩ ላይ ለጥፈው ፊቱን ወደ ላይ ያዙሩት፤ ከዚያ ማኅተሙን ወደ ፓዱ ከመድፋት ይልቅ ፓዱን ወደ ማኅተሙ አምጥተው ቀለል ባለ እጅ ደጋግመው ይንኩት። በዚህ መንገድ ቀለሙ ሲዳረስ በዓይንዎ ያያሉ፣ ትርፍ ቀለምም በመስመሮቹ መካከል አይጠራቀምም። ብሎኩን ቀጥ አድርገው ወደ ወረቀቱ ያውርዱ፣ በሁለት እጅ እኩል ይጫኑ፣ ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርገው ያንሡ። ማወዛወዝ ኅትመቱን የሚያዳርስ ይመስላል፤ በተግባር ግን የማኅተሙ ጠርዝ ወረቀቱን ይነካና በአበባው ዙሪያ ያልተፈለገ ጥላ ይተዋል። ከወረቀቱ ሥር ስስ ስፖንጅ ማንጠፍ ግን ጥሩ ነው፤ ግፊቱን እኩል ያደርገዋል።

ሥዕሉ በከፊል ብቻ ከታተመ በእጅ መልሶ እዚያው ላይ ማተም አይሞከር፤ የፀጉር ያህል ቢዛነፍ እንኳ መስመሩ ድርብ ይሆናል። እንደ ሚስቲ ያለ የማኅተም መድረክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ በማግኔት ይያዛል፣ ማኅተሙ በሚከፈተው ክዳን ላይ ይለጠፋል፤ ክዳኑን በከፈቱና በዘጉ ቁጥር ማኅተሙ በዚያው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቀለም ጨምሮ መድገም ይቻላል። አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ካለ፣ ከአዳዲስ ማኅተሞች ሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢገዛ እመርጣለሁ።

ለአንድ ካርድ ሦስት አበቦችና አራት አምስት ቅጠሎች ይበቃሉ። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በመካከላቸው ለዳዩ የሚሆን ክፍተት እየተዉ ያትሟቸው።

መቀባት፣ ከዚያ መቁረጥ

በእጅ የሚቀቡ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት ይቅቡ። ሰፊ ወረቀት ለእጅ ይመቻል፤ የተቆረጠች ትንሽ አበባ ግን በጣት መካከል እየተንሸራተተች ጠርዟ ይቆሽሻል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ይወስኑ፣ ለምሳሌ ከላይ ከግራ፤ ከዚያ ሙሉውን አበባ በፈዛዛው ቀለም ሸፍነው፣ የአበባው ቅጠሎች በሚገናኙበት መሐልና በተደራረቡበት ሥር ብቻ እያጠቆሩ ይሂዱ። ከፈዛዛ ወደ ደማቅ መሄድ ደንብ ነው፤ የተጨመረ ቀለም መመለሻ የለውምና።

አሁን ዳዩን ስለታሙን ጠርዝ ወደ ወረቀቱ አድርገው በታተመው አበባ ላይ ያስቀምጡ። እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። ዓይንዎን ከዳዩ በላይ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይመልከቱ፤ ከጎን ሆነው ካዩት ዳዩ መሐል ላይ ያለ ይመስልዎታል፣ ሲቆረጥ ግን በአንዱ ጎን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ድንበር ይተዋል። በአበባው መስመርና በብረቱ ጠርዝ መካከል ያለው ነጭ ክር ዙሪያውን እኩል እስኪሆን በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ እያሉ ይግፉት። እኩል ሲሆን ወረቀት በማይቀድ ደካማ ፕላስተር በሁለት ቦታ ያስይዙትና በሰሌዳዎቹ መካከል አድርገው ያሳልፉት።

እንደ ዳንቴል የተወሳሰበ ዳይ በአንድ ማለፍ ላይቆርጥ ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ድርድሩን ሳይፈቱ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሱት፤ ወይም አንድ ስስ ወረቀት ከሰሌዳው ጋር ደርበው ግፊቱን ይጨምሩ። በዳዩና በወረቀቱ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት ቢያስገቡ የተቆረጠው ከብረቱ በቀላሉ ይለቃል። ያልለቀቀውን በዳዩ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች በመርፌ ጫፍ ይግፉት። የፕላስቲክ ሰሌዳዎቹ በአንድ ጎን ብቻ ሲሠራባቸው ይጎብጣሉና በየጊዜው ይገልብጧቸው። መቆራረጣቸውና ድምፅ ማሰማታቸው ያለ ነው፤ ሥራቸውን አያስተጓጉልም።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ተመሳሳይ ካርድ በብዛት የሚሠሩ ከሆነና አበባው የእጅ ቀለም የማያስፈልገው፣ በባለ ቀለም ፓድ ብቻ የሚታተም ከሆነ፣ መጀመሪያ መቁረጥ ይሻላል። አበባው ተቆርጦ የወጣበትን ባለ ቀዳዳ ወረቀት አይጣሉት፤ በማኅተም መድረኩ ላይ በፕላስተር ያስይዙት፣ አንድ የተቆረጠ ባዶ አበባ በቀዳዳው ውስጥ ይመልሱ፣ ማኅተሙን በላዩ በትክክል አስተካክለው ክዳኑን ይዝጉበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ባዶ አበባ ማስገባት፣ ማተም፣ ማውጣት ብቻ ነው። ቀዳዳው እያንዳንዱን አበባ በዚያው ቦታ ስለሚይዘው ሁሉም እኩል ነጭ ድንበር ኖሯቸው ይወጣሉ።

ነጩ ጽሑፍ

በጠቆረ ወረቀት ላይ ነጭ ቀለም በማኅተም ቢያትሙ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራጫ የሚያደላ ፈዛዛ ጽሑፍ ይወጣል። ንጣቱ የሚመጣው በሙቀት በሚቀልጥ ነጭ ዱቄት ነው። ለጽሑፉ የሚሆነውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወረቀት ገና በሰፊው ሳለ፣ ወደ ጠባብ ቁራጭ ሳይቆርጡት ያትሙበት፤ ሙቀት ሲያርፍበትም መያዣ ቦታ ያገኛሉ፣ ጽሑፉ ቢጋደልም ሲቆርጡ ያስተካክሉታል።

አስቀድመው የወረቀቱን ገጽ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ስበትን በሚያጠፋ የዱቄት ከረጢት ጠረግ ያድርጉት፤ ያለዚያ ነጩ ዱቄት ባልታተመው ቦታ ሁሉ ተበታትኖ ይጣበቃል። ጽሑፉን ቨርሳማርክ በሚባለው ቀለም የለሽ ተጣባቂ ፓድ ያትሙ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ዱቄቱን በብዛት ያፍሱበት፤ ወረቀቱን አዘንብለው ትርፉን በተጣጠፈ ወረቀት ላይ ያራግፉና ወደ ዕቃው ይመልሱት። በፊደሎቹ መካከል የቀረ ቅንጣት ካለ በደረቅ ቀጭን ብሩሽ ያንሡት፤ ከቀለጠ በኋላ አይነሣም።

ለማቅለጥ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የሙቅ አየር መሣሪያ ያስፈልጋል። የፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፤ ሙቀቱ ያንሳል፣ ንፋሱ ግን ዱቄቱን ያበነዋል። መሣሪያውን ከወረቀቱ አርቀው ለጥቂት ሰከንዶች እንዲግል ካደረጉ በኋላ ያቅርቡት። መጀመሪያ ሻካራ የነበረው ዱቄት በአንድ ቅጽበት ወደ ለስላሳና አንጸባራቂ ገጽ ይለወጣል፤ ለውጡ ከፊደል ወደ ፊደል ሲሄድ ሙቀቱን እየተከተሉ ያንቀሳቅሱ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አይቁሙ። ከመጠን በላይ የሞቀ ጽሑፍ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቅባት የነካው ይመስላል፣ ጉብታውንም ያጣል። ጣትዎንም ያርቁ፤ ወረቀቱን በእንጨት መቆንጠጫ መያዝ ይሻላል። ሲበርድ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ይቁረጡት።

ማቀናበርና ማጣበቅ

ሁሉንም ቁራጭ ያለ ማጣበቂያ በመደቡ ላይ ደርድረው ይመልከቱ። ትልቁ አበባ በትክክል መሐል ላይ ሲውል ካርዱ ድርቅ ያለ ይመስላል፤ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው ሁለቱን ትናንሽ አበቦች ከእርሱ ጋር ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ያስቀምጧቸው፣ ቅጠሎቹን ደግሞ ጫፋቸው ብቻ እንዲታይ ከሥር ይሰኩ። ባዶ ነጭ ቦታ መተው አያስፈራዎት። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፣ አበቦቹንም የሚያጎላቸው እርሱ ነው። አደራደሩ ሲጥምዎ በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ለማጣበቅ ሲያነሡ የነበረበትን መርሳት የተለመደ ነው።

መደቡን በመሠረቱ ላይ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ወይም ቀጭን አፍ ባለው ፈሳሽ ማጣበቂያ ያጣብቁ። ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ ስለማይይዝ ቦታ ለማስተካከል ፋታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ውኃ ስላለበት በብዛት ከተቀባ ስስ ወረቀት ያጨማድዳል። በጣም ለሳሱ ቅርጾች፣ እንደ ቀጫጭን ፊደላት ላሉት፣ በማጣበቂያ መቀባት አድካሚ ነው፤ ይልቁንስ ከመቁረጥዎ በፊት በወረቀቱ ጀርባ ባለ ሁለት ፊት ተለጣፊ ገጽ ለጥፈው አንድ ላይ ይቁረጡት፣ ቅርጹ ራሱ ስቲከር ሆኖ ይወጣል።

ቅጠሎቹን በማጣበቂያ ብቻ ወደ መደቡ ያስጠጉ። ዋናውን አበባ ግን ከሥሩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፕላስተር አድርገው ከፍ ያድርጉት፤ ከማጣበቅዎ በፊት የአበባውን ቅጠሎች በእርሳስ ዘንግ ላይ ቀስ ብለው ቢያጎብጧቸው የበለጠ ሕይወት ይኖራቸዋል። ስፖንጁ ከጠርዙ ገባ ብሎ ይቀመጥ፣ ከጎን እንዳይታይ። የጽሑፉን ቁራጭ መጨረሻ ላይ ከአበቦቹ ሥር አድርገው ከመደቡ የታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን በማስመሪያ አረጋግጠው ያጣብቁት፤ አበባ ቢጋደል ያምራል፣ ጽሑፍ ሲጋደል ግን ወዲያው ያስታውቃል።

የካርዱ ውስጥም መዘንጋት የለበትም። መሠረቱ ጠቆር ያለ ወረቀት ከሆነ በውስጡ ከካርዱ ትንሽ ያነሰ ነጭ ወረቀት ለጥፈው የመጻፊያ ቦታ ያዘጋጁ፤ ነጭ ከሆነ አንዲት የተረፈች ቅጠል በታችኛው ማዕዘን ላይ ትበቃለች። ካርዱን ከባድ መጽሐፍ ሥር አድርጎ ማድረቅ ከፍ ያሉትን አበቦች ስለሚደፈጥጣቸው፣ እንዲሁ በጠፍጣፋ ቦታ ተኝቶ ይደር። በፖስታ የሚላክ ከሆነ በአበቦቹ ላይ አንድ ለስላሳ ወረቀት ደርበው ያስገቡት፣ ውፍረቱንም ከመላክዎ በፊት ይለኩ፤ ወፍራም ፖስታ ከተራ ደብዳቤ የበለጠ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል።

ከጠረጴዛው ከመነሣትዎ በፊት ማኅተሞቹን ያጽዱ። የዳይ ኢንክና የፒግመንት ቀለም በአብዛኛው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይለቃል፤ የሶልቬንት ቀለም የራሱ ማጽጃ ይፈልጋል፣ ይህንንም በፎቶፖሊመር ላይ ከማፍሰስዎ በፊት ለዚያ ቁስ የሚሆን መሆኑን በማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ማኅተሙን ያበላሸዋል። ከታጠበ በኋላ የሚቀረው የቀለም እድፍ ኅትመቱን አይጎዳም። ግልጽ ማኅተሞቹን በማስቀመጫቸው ላይ ለጥፈው ፀሐይ ከማያገኛቸው ቦታ ያኑሯቸው፤ ብርሃን ሲበዛባቸው ይወይባሉ፣ ይደርቃሉም።